እርሳሱ

ሟቹን መጀመሪያ ያየችው የውሃ ወረፋ ለመያዝ ከሰው ሁሉ ቀድማ የመጣች አንዲት አሮጊት ነች። የፓምፕ ቤቱ የብረት በር ገርበብ ብሎ በክፍተቱ ሁለት ጫማ ይታይ ነበር። ዘበኛውን እንቅልፍ የጣለው መስሏት በጀሪካኗ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«ተነስ እንጂ አንተ፣ ነጋ እኮ!»

አልተነሳም። በሩን ገፋ አድርጋ ስታይ ከጭንቅላቱ ስር ያለው ሲሚንቶ ጠቁሯል። ጩኸቷ ሰፈሩን በሙሉ ከቤት አስወጣው። እሷ ግን ጮኻ ብቻ አልቀረችም። በሩን መልሳ ገጠመችና ጀሪካኗን ደፍታ በሩ ፊት ተቀመጠችበት።

«ማንም አልገባም፣ ልጄ» አለችው ኢንስፔክተሩን፣ ሲደርስ። «ሊገቡ የቃጡ ነበሩ። እኔን ረግጣችሁ ግቡ አልኳቸው።»

ኢንስፔክተሩ ጨጓራ የሚያሰቃየው፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይወድ፣ ሲያስብ የጃኬቱን ቁልፍ የሚያፍተለትል ሰው ነው። አብራው የመጣችው ሳጅን ደግሞ ወጣት ናት፤ መልስ ሳትሰማ ሌላ ጥያቄ ትጨምራለች። ሁለቱ ተከታትለው ገቡ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ከመሬት የወጣው ወፍራም ቧንቧ፣ አንድ ወንበር፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ካፖርት፣ ግድግዳው ላይ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ሳጥን። የሳጥኑ ክዳን ተገንጥሏል፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ደቅቆ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ከሟቹ አጠገብ ደም የነካው ከባድ የቧንቧ መፍቻ ወድቋል። እጀታው በጨርቅ ተጠርጓል።

«ሌባው ሳጥኑን ሲሰብር ዘበኛው ደረሰበት፤ በያዘው መፍቻ መታው» አለች ሳጅኗ።

«የተመታው ከኋላ ነው። ሰው ለሌባ ጀርባውን ይሰጣል?»

«ሁለት ሆነው ቢሆንስ?»

«የመዳብ ሽቦውስ? እንዳለ አለ። ሌባ ይሄን ትቶ አይሄድም።» ኢንስፔክተሩ ወደ በሩ ተመለከተ። ቁልፉ አልተሰበረም፤ በዘበኛው ቁልፍ ተከፍቶ መንጠቆው ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ተንበርክኮ የሟቹን መዳፍ ገለበጠ። ጥቁር ቅባት ነክቶታል፤ አውራ ጣቱ ላይ ትኩስ ጭረት አለ።

«ታግሏል» አለች ሳጅኗ።

እሱ የሳጥኑን ስብርባሪ ተመለከተ።

ውጭ ሕዝቡ ጀሪካኑን ይዞ ተሰብስቧል። ከመካከሉ አንድ ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ በብየዳ ፍንጣሪ የተዥጎረጎረ ሰው ወደፊት ወጣ። በያጅ ነው፤ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው። በእጁ ትንሽ ካርቶን ይዟል።

«ኢንስፔክተር፣ ሐዘኑ የሁላችንም ነው። ግን ይሄ ሁሉ ሰው ጉሮሮው ደርቋል። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝና ይቺን ኮንታክተር ቀይሬ ውሃውን ልልቀቅ። ሬሳውን አልነካም።»

«ኮንታክተር ምንድን ነው?»

«ሞተሩን የምታስነሳ ማብሪያ ናት።»

«ዛሬ አይሆንም፣ ወንድሜ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። በያጁ ራሱ እጁን ዘርግቶ ዝም አሰኛቸው። ዘንድሮ ፓምፑ ሲሰበር ይህ ሦስተኛው እንደሆነ ለኢንስፔክተሩ ነገረው። መጀመሪያ የመብራት ገመዱ ተቆረጠ፤ ቀጥሎ ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ ተፈነከተ። ሁለቱንም የጠገነው እሱ ነው፣ በነጻ።

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

«ፓምፑ ሲቆም የሚከብረው ማን ነው? ውሃ በቦቴ የሚሸጠው ነዋ!»

«ሟቹስ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«እርሳሱ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «ምስኪን ነበር።» ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉና ሬሳው ትዝ ሲላቸው አንገታቸውን ደፉ።

«እርሳሱ ነው የሚባለው?»

«ቅጽል ስም ነው» አለ በያጁ፣ ፊቱን አዙሮ።

ኢንስፔክተሩ የሟቹን ቀጫጭን እግሮች አስታወሰ። ስለ ቅጥነቱ ያወጡለት ስም ነው ብሎ አለፈው።

ሳጅኗ እስከ ቀትር የእያንዳንዱን ሰው አዳር ስትጠይቅ ዋለች። ሁሉም ቤቱ ተኝቶ ነበር። በያጁ ልጁ ሆዷን ታማ አልጋዋ አጠገብ ማደሩን ተናገረ። ሚስቱም ከቤት አልወጣም አለች።

*

የቦቴው ባለቤት ግቢው ውስጥ በቁምጣ ቆሞ ጎማ ይመረምር ነበር። ፖሊሶቹን ሲያይ አልደነገጠም።

«እንደምትመጡ አውቅ ነበር። ሰፈሩ ዝናብ ቢቀር እንኳ እኔን ነው የሚጠረጥረው።»

«ሌሊቱን የት ነበርክ?» አለች ሳጅኗ።

«በእናንተው እጅ። መኪናዬ አንዱን ገጭቶ ትራፊክ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ነው ያደርኩት። ጠይቁ፤ ያነጠስኩትን ሁሉ ጽፈውታል።»

ሳጅኗ ወዲያው ደወለች። እውነቱን ነው።

«ደግሞ እኔ እሱን ሰውዬ ምን ልሁን ብዬ እገድላለሁ?» ቀጠለ ሰውዬው። «ደንበኛዬ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ቀና አለ። «የምንህ ደንበኛ?»

«የውሃ ነዋ! ሲኖረው ይገዛኛል፤ ሲያጣ ቦቴዬን ያጥብና አንድ ጀሪካን እሞላለታለሁ። ‹አንተ ሰውዬ፣ ጉድጓድ ላይ ተቀምጠህ ውሃ ትገዛለህ?› ብዬዋለሁ። ‹ያንተ ከሩቅ ስለሚመጣ ነው› አለኝ።»

መንገድ ላይ እንደወጡ ሳጅኗ ጣቷን አጮኸች። «ተገኘ! ውሃው ጉቦ ነው። ፓምፑን ይሰብር የነበረው ዘበኛው ራሱ ነው።»

«መስበሩንስ እሱ ነው የሰበረው። መዳፉን አይተሻል፤ ቅባቱ የሳጥኑ ነው። ቁልፉም የራሱ ነው። ግን ለአንድ ጀሪካን ውሃ ሥራውን የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም።»

*

የዘበኛው ቤት አንድ ክፍል ነው። ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶቿ ኢንስፔክተሩ ሲገባ ወጡለት። ከአልጋው ሥር የልጅ ደብተር ተደርድሯል። ልጅ ግን የለም።

«እህቴ፣ ልጅ አላችሁ?»

«አለን። አንድ ወንድ ልጅ። እህቴ ጋ ነው፣ ሌላ ከተማ።»

«አባቱ ሞቶ አልመጣም?»

«እንዲመጣ አልፈልግም» አለች። ደብተሮቹን አይታ፣ «እዚህ መጥቶ ውሃ ይጠማዋል» አለች።

ኢንስፔክተሩ ጉልበቱን አቅፎ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አላቻኮላትም።

«ልጁ ሆዱን ያመው ነበር። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጣ። አንብቦ የሚያስረዳኝ ልጅ ፊደል ይጠፋበት ጀመር። አስተማሪው ሰነፍ ነው አለን። አባቱ ግን አላመነም፤ ተበድሮ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደው። ደሙ ውስጥ እርሳስ አለ ተባልን።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ ምን አውቃለሁ? ቤት ገብቼ ቦርሳውን በረበርኩ። ጫፉ የታኘከ እርሳስ አገኘሁ። ገረፍኩት። እርሳስ በላህ ብዬ፣ ጌታዬ፣ የታመመ ልጄን ገረፍኩት። ባሌ ነው ከእጄ ያስጣለኝ። ተመልሶ ሄዶ ዶክተሩን ጠየቀው። የሚጻፍበት አይደለም አሉት። ብረቱ ነው፣ ባትሪ ውስጥ የሚገባው። ከጉድጓዱ ነው የመጣው አሉት።»

«ለሰው አልተናገረም?»

«ያልነገረው ማን አለ! ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ነገረ። ለኮሚቴው ነገረ። ወረፋው መሃል ቆሞ ጮኸ። ‹ልጅህ እርሳስ በልቶ እኛን ውሃ አትጠጡ ትለናለህ?› ብለው ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ እርሳሱ ሆኖ ቀረ። ሕጻናቱ ሳይቀሩ እርሳሱ ይሉት ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ስለ ቅጥነቱ ነው ብሎ ያለፈውን አስታውሶ ፊቱ ጋለ።

«ፓምፑን የሚሰብረው እሱ እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

ሴትዮዋ ወለሉን አየች፤ ቀና ስትል ዓይኗ ደርቋል።

«ሥራው ምንድን ነው? ጥበቃ አይደል?» አለች። «ጠበቃቸው።»

*

ዶክተሩ ዘበኛውን አልረሳውም። «ልጁን ትቶ ስለ ሰፈሩ ልጆች ነበር የሚጠይቀኝ» አለ። «ውሃውን ብናፈላውስ አለኝ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ እርሳስ ግን አይሞትም። ውሃው ሲተን እንዲያውም የቀረው ይበረታል አልኩት። ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ትልቅ ሰው ለዓመታት ይሸከመዋል። ልጅ ላይ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ደም ያሳንሳል፣ አንጎል ይጎዳል። የተጎዳው አንጎል ደግሞ በመድኃኒት አይመለስም።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከሰፈሩ ላይኛው ጫፍ፣ ወንዙ ዳር፣ አሮጌ ባትሪ የሚሰባብሩበት ግቢ አለ። እርሳሱን ያቀልጡታል፤ አሲዱን መሬት ላይ ያፈሱታል። የተረፈው ወንዝ ይገባል፣ ሌላው ወደ ታች ይሰርጋል። ጉድጓዱ ከዚያ በታች ነው ያለው። ለሚመለከተው አካል ደውዬ ተናግሬያለሁ። እናጣራለን አሉኝ።»

«ልጅ ላይ በዓይን የሚታይ ምልክት አለው?»

«ሲበዛ ድዱ ላይ፣ ጥርሱ ሥር፣ ሰማያዊ መስመር ይወጣል። ያን ካየህ አትዘግይ።»

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ ነው ያነጋገራቸው። ውሃው በየጊዜው ይመረመራል አለ፤ ጀርም የሚባል ነገር የለበትም።

«እርሳስስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እሱን የምንመረምርበት መሣሪያ የለንም።»

«ዘበኛው መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር። ሕዝብ አታሸብር አልኩት። ደመወዝህን የምታገኘው ፓምፑ ስለሠራ ነው አልኩት።»

«ባትሪ የሚሰባብሩትንስ?»

«ያ የኛ ሥልጣን አይደለም» አለ ኃላፊው። ከጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ አንስቶ ተጎነጨ።

*

ኢንስፔክተሩ ከዚያ በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ የሄደው ማንንም ሊይዝ አልነበረም። ኮሚቴው ከዘበኛው የሰማውን ሊጠይቅ ነው። ደጃፉ ላይ አንዲት ልጅ ሆዷን ይዛ ጸሐይ ትሞቃለች።

«የበያጁ ልጅ ነሽ?»

ራሷን ነቀነቀች። «ፖሊስ ነህ?» ብላ ጠየቀችውና ሽጉጡን አይታ ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ ሥር፣ ድዷ ላይ፣ በብዕር የተሰመረ የሚመስል ሰማያዊ መስመር አለ።

ኢንስፔክተሩ ባለበት ቆመ። ሳጅኗም መስመሩን አየችው። ተከታትለው ገቡ።

ውስጥ በያጁ የመስኮት ፍሬም እየሞረደ ነበር። ጥጉ ላይ ያለው ኮምፕሬሰር ክዳኑ ተከፍቶ ሽቦዎቹ ተንዘርፍፈዋል።

«ኮምፕሬሰሩ ምን ሆነ?» አለች ሳጅኗ።

«ኮንታክተሩን ለፓምፑ ብዬ ፈትቼው ነው። አዲስ ለመግዛት ሱቅ አልተከፈተም ነበር።»

የኢንስፔክተሩ ጣት የጃኬቱ ቁልፍ ላይ ቆመ። ኮምፕሬሰሩን አየ፤ ከዚያ ሰውዬውን። የሚቀጥለውን ጥያቄ ባይጠይቀው በወደደ።

«ያን ጠዋት ነው የፈታኸው?»

«አዎ። ጩኸቱን እንደሰማሁ።»

«አሮጊቷ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኛ እስክንደርስ ማንም አልገባም። ከዚህ በፊት የተሰበረው ገመድ ነው፣ ከዚያ ቧንቧ ነው። አሁን የተሰበረው ኮንታክተሩ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ሞረዱ ጸጥ አለ። በያጁ ወደ ደጁ ተመለከተ፤ ልጁ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። ቀስ ብሎ ሄዶ በሩን ገጠመው።

«እንዳትሰማ» አለ። የብረት ቁራጭ ላይ ተቀመጠ።

«ውሃ ጠማት። ሆዷን ቆርጧት ስታቃስት አድራ፣ ሊነጋ ሲል ውሃ አለችኝ። ጀሪካኑ ባዶ ነው። ሚስቴ ደክሟት ተኝታ ነበር፤ መውጣቴን አላወቀችም፣ አልዋሸቻችሁም። ዘበኛውን አስነስቼ ፓምፑን ለአፍታ ያስነሳልኛል ብዬ ሄድኩ። መብራት በርቷል። ስገባ ሳጥኑን እየቀጠቀጠ ነው።» መዳፉን ጭኑ ላይ ጠረገ። «ሌባ መሰለኝ ብዬ ብዋሽ ይቀልለኝ ነበር። ፊቱን አይቼዋለሁ። ‹ልጄ ውሃ ጠማት!› አልኩት። ‹ለእሷው ስል ነው› አለኝ። መፍቻውን ነጠቅኩት። ዞረና ሳጥኑን በእጁ ይቦጫጭቀው ጀመር። ሁለቴ ጠግኜዋለሁ፣ ኢንስፔክተር፣ ሁለቴ ጭቃ ውስጥ ተኝቼ! የቦቴው ሰውዬ የገዛው መሰለኝ። አንዴ ነው የመታሁት።»

«ከዚያስ?»

«እጀታውን ጠረግኩና ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ተመለስኩ። ያኔ ስለ ሬሳው አልነበረም የማስበው። ስለ ውሃው ነው። ጠዋት ሰው ምን ይጠጣል ብዬ ኮምፕሬሰሬን ፈታሁ።»

ሳጅኗ ካቴናዋን አውጥታ ነበር፤ እጇ ላይ ያዘችው እንጂ አልቀረበችም።

«ስለ እርሳስ ነግሮህ ነበር?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ለኮሚቴው ነግሮናል። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ።» ድምፁ ወረደ። «ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰው እንዲስቅ ብዬ።»

«ሐኪም ድዷን አይቶታል? የልጅህን?»

በያጁ ቀና አለ። መጀመሪያ ጥያቄው አልገባውም። ሲገባው ሁለት እጁን ለካቴናው እንደሚዘረጋ ሰው ዘረጋና እዚያው አየር ላይ አቆያቸው። «አይደለም» አለ። «አይደለም፣ ወንድሜ፣ በለኝ።»

*

ገዳዩ ካመነ በኋላም ኢንስፔክተሩ የፓምፕ ቤቱን አልከፍት አለ። ምርመራው አላለቀም እያለ አሽጎ አቆየው። በመጨረሻ አለቃው ጠራው።

«ሰውዬው አምኗል። ሕዝቡ ቢሮዬን ከቦታል። ክፈት።»

«ጌታዬ፣ ውሃው መርዝ ነው።»

«የኛ ክፍል የሚይዘው ሰው የገደለ ሰው ነው። ይዘኸዋል። ስለ ውሃው የሚመለከተው አካል ያጣራል።»

የባትሪው ግቢ ባለቤት ለምስክርነት እንኳ አልተጠራም። ኢንስፔክተሩ ማኅተሙን በገዛ እጁ ቀደደ። አዲስ ዘበኛ ተቀጥሯል፤ ፓምፑም ተነሳ። ኢንስፔክተሩ ወረፋው መሃል ቆሞ ዶክተሩ የነገረውን ሁሉ ተናገረ፤ የሞተውን ዘበኛ የሚያህል ድምፅ አልነበረውም። በእሱ ማንም አልሳቀም፤ የለበሰው የፖሊስ ልብስ ነው። በሩን የጠበቀችው አሮጊት ብቻ መለሰችለት።

«ልጄ፣ ድሮ የምንጠጣው ወንዙን ነበር። ስንቱን ሕጻን በተቅማጥ ቀበርን። ይሄ ንጹሕ ነው ብላችሁ ቆፍራችሁ ሰጣችሁን፤ ዘፍነን ተቀበልናችሁ። አሁን ይሄንንም ተዉ ትላለህ። እሺ፣ እንተው። ምን እንጠጣ?»

አሮጊቷ ፊቱን አየችው፤ ከዚያ ጀሪካኗን ቧንቧው ሥር አስገባች።

ከዚያ ወደ በያጁ ቤት ሄደ። ልጅቷን ሆስፒታል የወሰዳት እሱ ነው፤ የደሟን ውጤትም የያዘው እሱ ነው። ከዘበኛው ልጅ የከፋ ነው። እናትየዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እየሰማችው አላለቀሰችም።

«ከዛሬ ጀምሮ ከጉድጓዱ እንዳትጠጣ» አላት። «ከቦቴው ግዙላት።»

«በምን?» አለችው። «ሠርቶ የሚያበላንን እኮ አንተ ወሰድከው። በምን ልግዛላት?»

እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ አየችውና፣ «ዛሬስ ሰጠኸኝ። ነገስ?» አለችው።

ከመንገዱ ጥግ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት በጀሪካን ውሃ ጎብጣ መጣች። የዘበኛው ሚስት ናት። ኢንስፔክተሩ ሊቀበላት ቢራመድ በትከሻዋ ገፋችው። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ጀሪካኑን አስቀመጠች። የበያጁ ሚስት ዘላ ተነስታ እግሯ ላይ ልትወድቅ አጎነበሰች።

«እግሬን አትንኪ!» አለች የዘበኛው ሚስት፣ ወደ ኋላ ሸሽታ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ላንቺ አይደለም ያመጣሁት። ለልጅቷ ነው። የቦቴው ነው። ሲያልቅ ባዶውን በር ላይ ታኖሪልኛለሽ። ሳልጠራሽ እንዳትወጪ፤ ፊትሽን ማየት አልችልም።»

ዞራ ሄደች። የመጣችበትን መንገድ ሳይሆን ረጅሙን ይዛ፣ ወረፋው በሌለበት በኩል።

ልጅቷ ኩባያ ይዛ ከቤት ወጣች። ጀሪካኑን አየችው፤ እናቷን አየቻት፤ ሆስፒታል የሰማችው ትዝ ብሏት እጇን ሰበሰበች።

«እማዬ፣ ይሄኛው ይጠጣል?»

እናትየዋ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች።

«ይጠጣል» አላት ኢንስፔክተሩ።